አራተኛው የሚስማር ዱካ

የመንደራችን አዳራሽ ወለል ላይ ከበሩ ተነስቶ እስከ መድረኩ የሚደርስ፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያለ የሚሄድ የሚስማር ቀዳዳ አለ። ነቀዝ የበላው የሚመስለው እንግዳ አይጠፋም። ነቀዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መስመር ይዞ የሚሄደው? እኔ ቬርና ይህን ወለል ከኮረዳነቴ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና ስፈትገው ኖሬያለሁ፤ እያንዳንዷን ቀዳዳ በጣቴ አውቃታለሁ። ዱካው አራት ነው። ሦስቱ የአባቴ ናቸው። የአራተኛውን ነገር እኔው ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ሲያወራው ያበላሸዋል።

ደንባችን እንዲህ ነው። የግንድ ነጂ፣ ማለትም የተቆረጠ ግንድ በወንዝ እያንሳፈፈ ወደ ወደብ የሚያወርድ ሰው፣ ጫማው ሶሉ ላይ የሾለ ሚስማር አለው፤ ያለዚያ እርጥብ ግንድ ላይ መቆም አይቻልም። ይህን ጫማ አድርጎ ሰው ቤት መግባት በመንደራችን በስቶሪ ቤንድ ነውር ነው፣ አዳራሽ መግባትማ አይታሰብም። ነገር ግን ወንዝ ላይ ተቆላልፎ የቆመ ግንድ ያለ ፈንጂ በእጁ የፈታ ሰው፣ የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ ጫማውን እንዳደረገ ከበሩ እስከ መድረኩ ይሄዳል። አንዴ ብቻ። ከዚያ ወጥቶ ያወልቅና እንደ ሰው ይገባል። ወለል ፈታጊዎቹ ሴቶች በሆዳችን እየረገምን አፋችንን እንይዛለን።

አባቴ ፐርሊ ሦስት ጊዜ የሄደው በጉልበቱ አይደለም፤ ቁመቱ ከእኔ እምብዛም አይበልጥም ነበር። በጥርሱ ነው። አትሳቁ። ሺህ ግንድ ተከምሮ ሲቆም ሁሉን የያዘች አንዲት ግንድ አለች፣ ቁልፏ እሷ ናት። እሷን ያገኘ ሰው ሌላው በራሱ ይሄድለታል፤ ያላገኘ ሳምንት ሙሉ ሲታገል ይከርማል። አባቴ ባለ መንጠቆ ዘንጉን ግንዱ ላይ ይሰካና የዘንጉን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሸክም የሌለበት ግንድ ዝም ይላል። ሸክም ያለበት ያጉረመርማል። ቁልፏ ግን ቀጭን፣ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ አላት፤ በጥርስ ገብታ አናት ላይ ትወጣለች።

ልጆች ሳለን እኔንና ወንድሜን በርተንን ከቤታችን ጀርባ ውሃ ላይ በታሰረው ግንድ ላይ እያወጣ ዘንጉን ያስነክሰን ነበር። «የቷ ናት የምታወራው?» ይለናል። በርተን ሁልጊዜ ይስታል፣ እኔ ሁልጊዜ አገኛለሁ። ምን ዋጋ አለው! ነጂ የሚሆነው በርተን፣ ባቄላ ቀቃይ የምሆነው እኔ። ሴት ግንድ ላይ ከወጣች ሰው ይሰጥማል ይባላል በእኛ ወንዝ። በርተን በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ጥቁር ዓለት በምንለው የወንዛችን ቋጥኝ ላይ የተቆለፈ ግንድ ሊፈታ ወጥቶ ሰጠመ፤ ያን ቀን ግንዱ ላይ አንዲትም ሴት አልነበረችም። አባባሉን ግን ማንም አላረመውም።

የሰጠመ ነጂ ተቀብሮ ሲያበቃ ጫማው በሞተበት ቦታ፣ ወንዙ ዳር ባለ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። እዚያው ይበሰብሳል እንጂ ማንም አይነካውም። የበርተን ጫማ ግን አልበሰበሰም። አባቴ በረዶው በቀለጠ ቁጥር ጥድ ዛፉ ሥር ቆሞ ስብ ይቀባው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። «ቆዳ ካልተቀባ ይሞታል» ይላል፤ ሌላ አይናገርም፣ እኛም አንጠይቀውም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አባቴ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ ዘመን በክፍለ ሀገራችን በኒው ብራንዝዊክ ገጠር በየዓመቱ አንድ ጥርስ ከመታመም ሁሉንም ባንዴ አስነቅሎ ሰው ሠራሽ ማስገባት እንደ ትልቅ ነገር ይታይ ነበር፤ ለሙሽራ እንኳ የሠርግ ስጦታ ሆኖ ይሰጣል። እኔም ለልደቱ ይህን ሰጠሁት። በበረዶ ተጉዘን ከተማ ሄድን። ሐኪሙ አንድ ባንድ ሲነቅል የአባቴ ጩኸት ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። በሁለተኛው ወር ያ ነጭ ጥርስ ሲገባለት መንደሩ ሁሉ «አጎቴ ፐርሊ፣ ሙሽራ መሰልክ!» አለው። እኔ ሞኟ ደረቴን ነፋሁ። ስለ ዘንጉ ማንም አላሰበም፣ እሱ ራሱም አላሰበም። ሸምግሎ ከግንድ ሥራ ወጥቶ የለ!

በዚያው ዓመት በግንቦት፣ ማለትም በፈረንጆቹ ሃምሳ ሰባት፣ የእንጨት ካምፓኒው ከላይ የለቀቀው ግንድ መጥቶ እዚያው ጥቁር ዓለት ላይ ተቆለፈ። ሦስት ቀን ሃያ ሰው ታገለ፤ ንቅንቅ የለም። እኔ ዳር ላይ ድንኳን ተክዬ ለነጂዎቹ በቀን አራት ጊዜ አበላለሁ፤ ጉድጓድ ቆፍሬ ፍሙ ላይ የቀበርኩት ባቄላ፣ የአሳማ ስብ፣ ሬት የመሰለ ጥቁር ሻይ። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የነጂዎቹ አለቃ ዱገን ሁለት ሣጥን አስወርዶ በሸራ ሸፈነ። በውስጡ ያለውን ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም ነበር።

«ውሃው እየጎደለ ነው» አለ ዱገን። «ከጎደለ ይህ ሁሉ ግንድ እስከ ዓመት እዚሁ ይቀመጣል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አፈነዳዋለሁ።»

«ዓለቱስ?» አለው አምብሮዝ። አምብሮዝ ዓሣ አጥማጅ እንግዶችን የሚመሩት ወንዶቻችን አለቃ ነው፤ በጋ ላይ እንግዶችን በጀልባ እየወሰደ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ የሚያስጠምዳቸው እሱ ነው።

«የዓለቱን ነገር አላውቅም፣ ከቆመ ይቁም ከሄደ ይሂድ።»

ጥቁር ዓለት ከሄደ እኛም መሄዳችን ነው። ከባሕር የሚወጣው ሳልመን ጉልበቱን የሚያሳርፈው ከዓለቱ ሥር ባለው ጥልቅ ውሃ ነው፤ እንግዳው የሚመጣው ለዚያ ውሃ ነው፤ ወንዶቻችን ጀልባ የሚገፉት፣ እኛ ሴቶች ምግብ የምንሠራውና መንጠቆ ላይ ዓሣ ማታለያ ላባ የምናስረው ለእንግዳው ነው። ከእኛ በላይ ያለችው መንደር ዓለቷን በፈንጂ አጥታለች። ሳልመኑ አሁን እዚያ ሳይቆም ያልፋል። በስድስት ዓመት ውስጥ ከአሥራ አንድ ቤት የቀረው አራት ነው፣ የሌላው መስኮት በሳንቃ ተመቷል። ዱገን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የወደብ ልጅ ነው፣ ወንዙ ለእሱ መንገድ ብቻ ነው።

በዚህ መሐል አባቴ መጣ። ያን አሮጌ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ዘንጉን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ባለ ሚስማር ጫማውን አድርጎ። አምብሮዝ ልኮበት ነው።

ዱገን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ይሄ ነው ግንድ የሚበላው ሽማግሌ?»

ነጂዎቹ ሳቁ። «ቁርስህን አልበላህም እንዴ አባባ?» አለ አንዱ።

«እናትህ ያበላችኝ እስካሁን አልተፈጨልኝም» አለው አባቴ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፣ የእነሱ ሳቅ ግን ቆመ። «እስከ ስምንት ሰዓት ስጠኝ፣ አንተ ልጅ። ሣጥንህ የትም አይሄድብህም።»

ዱገን ምን ቸገረኝ ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። አባቴ ግንዱ ላይ ወጣ። ከዳር ሆኜ አየዋለሁ፤ ይሰካል፣ ይነክሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላው ጋ ይሄዳል፣ ይሰካል፣ ይነክሳል። እንደ ድሮው ራሱን አይነቀንቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆነና ተመልሶ መጥቶ ከእኔ እሳት አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁለት፤ አልነካውም።

«ቬርና፣ አይሰማኝም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምኑ ነው የማይሰማህ?»

«ምንም። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ግንዱ አያወራኝም። ባለፈው ወር ከቤት ጀርባ ሞክሬው አውቄያለሁ። የአንቺ ስጦታ ሆኖብኝ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ ምናልባት ብዬ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ነኝ! በገዛ እጄ ከተማ ድረስ ወስጄ የአባቴን ጆሮ አስነቅዬ ሳህን ላይ አስቀምጬ የመጣሁ እኔ ነኝ፤ መንደሩ ቢፈርስም የፈረሰው በእኔ ስጦታ ነው። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን የፀሐይዋን ቁመት አየሁና ለለቅሶ ጊዜ እንደሌለ ገባኝ።

«የእኔ ጥርስ አለ አይደል» አልኩት።

አየኝ። ሴት ነሽ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እግሬን ተመለከተና «ጫማ የለሽም» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ጥድ ዛፉን አየ። እኔም አየሁ።

ተነሥቼ ሄጄ የበርተንን ጫማ ከዛፉ አወረድኩት። ከነጂዎቹ ሁለት ሦስቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቬርና፣ ኧረ ነውር ነው!» አለ አምብሮዝ። «የሙት ጫማ!»

«ነውሩን ቅዳሜ እፈትገዋለሁ» አልኩት።

ሁለት የሱፍ ካልሲ ደራርቤ እግሬን አስገባሁ። ቆዳው ትናንት የተሠራ ይመስል ልስልስ ብሏል። አባቴ ተንበርክኮ፣ ትምህርት ቤት ልሄድ እንደሆነ ሁሉ፣ ማሰሪያውን እሱ አሰረልኝ። ዱገን «ይቺ ሴትዮ ብትሞት እኔ የለሁበትም» እያለ ይጮኻል፤ የሰማው የለም።

ግንዱ ላይ ወጣሁ። ከሥር ውሃው ሲጋፋ ሁሉ ነገር ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። አባቴ ከኋላዬ መጥረቢያውን ይዞ ይከተለኛል። መጀመሪያ የወሰደኝ ፊት ለፊት ወደተጋደመችው ትልቅ ጥድ ነው፤ ሃያው ሰው ሦስት ቀን የታገለው ከእሷ ጋር ነው። ዘንጉን ሰካሁ፣ ነከስኩ። ዘንጉ የአባቴ እጅ ላብና የጥድ ሙጫ ጣዕም አለው። ግንዷ አጉረመረመች፣ ሌላ የለም።

«እሷ ናት» አለ አባቴ። «እዚህ ዓለት ላይ ሁልጊዜ ፊት ያለችው ናት።»

«አይደለችም፣ አባዬ።»

«ቬርና፣ እኔ በዚህ ወንዝ ሃምሳ ዓመት…»

«በርተንም ፊት ያለችውን ነው የመታው።»

እንዲህ ባላልኩት ይሻል ነበር፤ ግን አልኩት። አባቴ መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ «በይ፣ አንቺ ምሪ» አለኝ። በሕይወቴ ከሰማሁት ቃል ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

መራሁ። እሰካለሁ፣ እነክሳለሁ። ዝም። እሰካለሁ፣ እነክሳለሁ። ጉርምርምታ። ከንፈሬ ተላጠ፣ አንገቴ ደነዘዘ። ዳር ላይ ዱገን ፊሽካ ነፋ፤ ግማሽ ሰዓት ቀርቷችኋል ማለቱ ነው። ሣጥኖቹ ተከፍተዋል። በግራ በኩል፣ ከዓለቱ ጎን፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያት አንዲት ጠማማ ዝግባ በሁለት ድንጋይ መሐል ተወትፋ ነበር። ውፍረቷ ከጭኔ አይበልጥም። ሰው እንደዚያች ያለችውን ለማገዶ እንኳ ይንቃታል። ተጎንብሼ ሰካሁ፣ ነከስኩ።

ወይ ጉድ! ዓይኔ እንባ ሞላ። ጥርሴን አልፋ፣ መንጋጋዬን አልፋ አናቴ ላይ ወጣች።

«ምን ትላለች?» አለ አባቴ።

«ሐኪም ቤት አንተ እንደጮህከው ትጮኻለች።»

አባቴ ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። «እንግዲያው እሷ ናት» አለና እጁ ላይ እንትፍ ብሎ መጥረቢያውን ጨበጠ። «ዘንግሽን ከሥሯ አግቢና ተጫኚ። ስትሰነጠቅ ዘንግሽን ጥለሽ ወደ ዳር ሩጪ። እኔን እንዳትጠብቂ።»

«ማን አለና ይጠብቅሃል?» አልኩት፤ ሁለታችንም ውሸት መሆኑን እናውቃለን።

አንዴ መታ። ሁለቴ። በሦስተኛው ዘንጌ ውስጥ የነበረው ጩኸት ወደ እጄ መጣ። በአራተኛው ዝግባዋ ለሁለት ተከፈለች።

ለአንድ ትንፋሽ ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ሺው ግንድ ባንዴ ተነሣ። ሮጥኩ። እግሬ የነካው ሁሉ ከሥሬ ይሽከረከራል፤ የበርተን ሚስማር ግን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። አንዷ ግንድ ተገልብጣ ልትጥለኝ ስትል የአባቴ እጅ ወገቤን ገፋኝ፤ ለካ እሱም አልጣለኝም ነበር። «ዝለዪ!» ብሎ ሲጮህ ያ ነጭ ጥርስ ከአፉ ወጥቶ ውሃ ገባ። ዘለልኩ። ዘለለ። ጭቃው ላይ በሆዳችን ወደቅን፣ ከኋላችን ወንዙ ሁሉ እየነጎደ ሄደ።

ቀና ስንል ጥቁር ዓለት እንደነበረ ቆሟል። አንዲት ጠጠር አልጎደለበትም። ከሥሩ ያለው ውሃ ግንዱን አሳልፎ ቀስ ብሎ መጥራት ጀምሯል። እሰይ! እሰይ አልኩ፤ ነጂዎቹ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወርውረው ሲጮኹ ማን እየጮኸ እንደሆነ እስክንረሳ ጮኽን። አምብሮዝ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እስከሞተበት ቀን ድረስ ጭስ ነው ይል ነበር።

ዱገን ወደ እኛ መጣ። ባርኔጣው በእጁ ነው። «አባባ፣ ጥርስህ የታለ?» አለ።

«ወደ ባሕር ወርዷል» አለ አባቴ በድዱ። «ለሥራ አያመችም ነበር።»

ዱገን ወደ እኔ ዞረና ለአፍታ አየኝ። «ከነገ ጀምሮ ባቄላውን ሌላ ሰው ይቀቅል» አለና ሣጥኖቹን ወደመጡበት ሊያስመልስ ሄደ። በዚያ ጸደይ ግንዱን እስከ ወደቡ ከነዱት ሃያ አንድ ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። የሰጠመ የለም።

ቅዳሜ ግን ገና ነበር። ሕዝቡ አዳራሹን ሞልቶ ግማሹ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። አባቴና እኔ በር ላይ ቆመናል። ጫማውን ላወልቅና ዛፉ ላይ ልመልስ ሐሳቤ ነበር፤ አባቴ አራተኛውን ዱካውን ይሄዳል፣ እኔም በሚቀጥለው ቅዳሜ እየተራገምኩ እፈትጋለሁ። አባቴ ግን የራሱን ጫማ አውልቆ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠው።

«እኔ እንጨት ነው የፈለጥኩት» አለ ሁሉ እንዲሰማ። «ያገኘቻት እሷ ናት። ሂጂ።»

በሩን የምትጠብቀው ወይዘሮ አልማ ነች፤ የፈታጊዎቹ አለቃ፣ ለአንዲት የጭቃ ጠብታ ሰው ደጅ የምታሳድር። ጫማዬን አየች። የማን እንደሆነ አወቀችው፤ በርተንን ክርስትና ያነሣችው እሷ ናት። ልትከለክለኝ ነው ብዬ አንገቴን አቀናሁ። አልማ ጎንበስ አለችና በሩ ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ጠቅልላ በብብቷ ያዘች።

«ባዶውን ሳንቃ ርገጪ፣ ልጄ» አለችኝ። «ጠበቅ አድርገሽ።»

ሄድኩ። ጠበቅ አድርጌ። ሚስማሩ ሳንቃው ውስጥ ሲገባ ከአዳራሹ ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበር። መድረኩ ጋ ደርሼ ስዞር ሰዉ ሁሉ ቆሟል፤ አባቴ በካልሲው፣ ድዱ እስኪታይ እየሳቀ፣ እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ ነው ጫማውን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስብ ይቀባ የነበረበት ምክንያት የገባኝ። በርተን ይህን ወለል ሊረግጥ ነበር ወደ ወንዙ የገባው።

አባቴ ሌላ ጥርስ አላስገባም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሾርባ ጠጥቶ በሰላም ሞተ። ሳልመኑ አሁንም በሰኔ ይመጣል፣ ጥቁር ዓለት ሥር ያርፋል። እኔም ቅዳሜ ሲሆን በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን እፈትጋለሁ፤ አራተኛው ዱካ ጋ ስደርስ በየቀዳዳው ዙሪያ ቀስ እላለሁ። ርምጃው የሴት ነው፣ አጭር ነው። የእግሩ ስፋት ግን የወንድሜ ነው።